በሰው ይዞታ ውስጥ ወዳለ የቆየ መካነ መቃብር ለመግባት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አካባቢ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ከደሴ ወደ ገራዶ ሲወረድ፣ ወይም ሐረጎን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲቆለቆል፣ በማሳዎች መካከል ማረሻ ያልነካቸው ትንንሽ ጥጎች ይታያሉ። አንድ ያረጀ ወይራ፣ ከሥሩ የድንጋይ ክምር፣ አለፍ ሲልም ያዘመመ ጥርብ ድንጋይ ይኖርባቸዋል። መንገደኛው ከማሳ ተለቅሞ የተከመረ ድንጋይ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን መቃብር መሆኑን፣ ብዙ ጊዜም የማን እንደሆነ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው የሟቹ ዘር ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር መጥቶ ልግባ ሲል ነው፤ መቃብሩ የአያቱ ቢሆንም በዙሪያው ያለው መሬት ዛሬ የሌላ ሰው ይዞታ ሆኗልና።

ይህ እንዴት እንደመጣ ማወቁ ከባለይዞታው ጋር ለሚደረገው ንግግር ይጠቅማል። ቀድሞ፣ በተለይ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም የጋራው መቃብር በራቀበት ቦታ፣ ሙታኑን በገዛ መሬቱ ዳር የሚቀብር ቤተሰብ ነበር። በ1928ቱ ጦርነት፣ በ1965 እና በ1966፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ፣ ወደ መካነ መቃብር የሚያደርሰው ጠፍቶ በወደቀበት አፈር የለበሰው ብዙ ነው። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ (ቁጥር 31/1967) መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ በተከታታይ በተደረጉ ድልድሎች ማሳው ለሌላ አባወራ ሲደርስ መቃብሩም አብሮ ተላለፈ። በከተማ ዳርቻ ያለው ደግሞ ከተማው ሲሰፋ በግቢ አጥር ውስጥ ገባ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረትም የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀጥሏል፤ ስለዚህ በአገራችን “የግል መሬት” የምንለው ነገር በሕግ ቋንቋ የግል ይዞታ ነው፤ በዚህ መመሪያም “ባለይዞታ” የሚለው ቃል መሬቱን በስሙ አስመዝግቦ የሚጠቀምበትን ሰው ወይም ድርጅት ያመለክታል።

ከሁሉም አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው

ብዙ ሰው ባለይዞታው የሚከለክለው ሰብሉ እንዳይረገጥ ወይም ግቢው እንዳይደፈር ሰግቶ ይመስለዋል። ይህም አለ፤ ትልቁ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር የአባት አፅም ያረፈበት መሬት አፅመ ርስት ይባላል። ቃሉ ራሱ አጥንትንና መሬትን አንድ ላይ አስሯቸዋል፤ “የአያቴ መቃብር እዚህ ነው” የሚል ሰው በባለይዞታው ጆሮ “መሬቱም የእኔ ነበር” እያለ ነው የሚሰማው። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሁሉ ይህን ፍርሃት አስቀድሞ ለማንሣት የታሰበ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በስህተት ነው። የእናቴን አባት መቃብር ልናይ በአንድ እሑድ ሁለት መኪና ሙሉ ዘመድ ሆነን፣ ማንንም ሳናስጠይቅ፣ ከነጠላውና ከካሜራው ጋር ሰተት ብለን ገባን። ከእኛ አንዱ፣ የዋህነቱ ነው፣ የቀድሞውን ወሰን ለልጆቹ በእጁ እየጠቆመ ያሳይ ነበር። ባለይዞታው ከበላይ ካለው ቤታቸው ወጥተው በትራቸውን ተደግፈው እያዩን ቆዩና፣ ወርደው ወደ እኛ ሳይመጡ ተመልሰው ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ስንመጣ በጥጉ ዙሪያ እሾህ ታጥሮበት አገኘነው። ያንን አጥር ለማስከፈት አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶብናል፤ የተከፈተውም በቅሬው (በዕድሩ) ሽማግሌዎች እንጂ በእኛ ልመና አልነበረም።

ደረጃ 1፦ መሬቱ በማን እጅ እንዳለና በምን ዓይነት ይዞታ እንደሆነ መለየት

በገጠር ቀበሌ ከሆነ፣ ማሳው በማን ስም እንደተመዘገበ ለማወቅ በመጀመሪያ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ማነጋገር ይበቃል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ሲሆን፣ ባለይዞታው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይኖረዋል። ደብተሩን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ደብተር የጠየቀ እንግዳ ከላይ ያልሁትን ፍርሃት በአንድ ቃል ያረጋግጣል። የሚፈለገው የባለይዞታው ስምና በአሁኑ ጊዜ መሬቱን የሚያርሰው ማን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። መሬቱ ለእኩል ወይም በኪራይ ተሰጥቶ ከሆነ ፈቃዱ ከባለይዞታው ይጠየቃል፤ የመግቢያው ቀን ግን ሰብሉ የእርሱ ስለሆነ ከአራሹም ጋር መመከር አለበት።

በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ቦታ በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ የተያዘ ይሆናል። እዚህ የቤቱ ግቢ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ስለሆነ፣ መቃብሩ ከቤቱ ጓሮ አሥር እርምጃ ብቻ ቢርቅም ያለ ፈቃድ መግባት የሰውን ቤት መድፈር ነው፤ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል።

በኮምቦልቻ በኩል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እርሱም የፋብሪካ ግቢ ነው። መቃብሩ በፋብሪካ ወይም በሐምሌ 2009 በተመረቀው ዓይነት የኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ውስጥ ከሆነ ከዘበኛ ጋር መነጋገር ለማንም አይበጅም፤ ዘበኛው ማስገባት ባይችልም ተቆጥቶ የመመለስ ሥልጣን ግን አለው። በጽሑፍ፣ ቀንና የሰው ቁጥር ተጠቅሶ፣ ለግቢው አስተዳደር ማመልከቻ ይቀርባል፤ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥሩ ይያዛል።

መቃብሩ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጥር ውስጥ ከሆነ ይህ መመሪያ አያስፈልግም፤ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱን ኮሚቴ ማነጋገር ይበቃል።

ደረጃ 2፦ የመቃብሩን ማንነት ከቅሬው ማጣራት

በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ነው፤ የቀብርን ነገር ከቅሬ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቅሬው አንጋፋ አባላት የትኛው ድንጋይ የማን ራስጌ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጎን እንዳረፈ፣ የትኛው መቃብር በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት እንደተወሰደ በቃል ይዘውታል። የመሬት መንሸራተቱን ነገር በተለይ የማነሣው፣ ደሴና ዙሪያዋ በዚህ ስለሚታወቁ፣ የቀድሞ ሰው “ከትልቁ ድንጋይ በላይ” ብሎ የነገረን ቦታ ዛሬ ከድንጋዩ በታች ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ነው።

በዚህ ደረጃ ከቤተሰቡ የሚሰበሰበው የሟቹ ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የሞተበት ዘመን በግምት፣ እምነቱ፣ የቀበሩት ሰዎች ስም ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሁለቱም እምነት መኖሩ የተለመደ ስለሆነ፣ የልጅ ልጆቹ ክርስቲያን ስለሆኑ አያትየውም ክርስቲያን ነበሩ ብሎ መደምደም አይገባም። ይህ መሳሳት በኋላ በመቃብሩ ላይ በሚደረገው ጸሎት ሰውን ያስቀይማል።

የመቃብሩ አቅጣጫም በራሱ አይበቃም። በክርስቲያን ሥርዓት ሟች ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዲያደርግ ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ይሆናል። በእስልምና ደግሞ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞራል። መካ ከደሴ ሲታይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ የሙስሊሙ መቃብርም ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሆናል፤ ልዩነቱ ራስጌው በምሥራቅ በኩል መሆኑ ነው። ራስጌና ግርጌ ካልተለየ፣ ሁለቱ መቃብሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቁመታቸው ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መጠየቅ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰው መላክና ጊዜውን መምረጥ

ወደ ባለይዞታው መጀመሪያ የሚሄደው ባለጉዳዩ ባይሆን ይሻላል። ከቅሬው አንድ የተከበረ ሰው፣ ወይም አባጋር (ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ) ባለበት አካባቢ አባጋሩ፣ ወይም የሰፈሩ ቄስ ወይም ሼህ ቀድሞ ሄዶ “የእነ እገሌ ልጆች መቃብር ሊያዩ ይፈልጋሉ፤ ሌላ ጉዳይ የላቸውም” ብሎ ቢናገር፣ ባለይዞታው አሳብ የሚያወርድበት ጊዜ ያገኛል። መልሱ ወዲያው ካልመጣ አይጨነቁ፤ ከሚስታቸውና ከልጆቻቸው ጋር መምከራቸው ነው፤ ሊመክሩም ይገባል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ በደሴ ዙሪያ ያለው ደጋ መኸርንም በልግንም የሚያርስ ስለሆነ ማሳው ባዶ የሚሆንበት ወቅት አጭር ነው። በአመዛኙ የሚመቸው የመኸሩ ሰብል ተሰብስቦ የበልጉ እርሻ ሳይጀመር ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። በክረምት መሄድ ለሁሉም ወገን ችግር ነው፤ ሣሩ ድንጋዩን ይሸፍናል፣ ዳገቱ ያንሸራትታል፣ ሰብሉ ደግሞ በአፍላው ነው። ሙት ዓመት በክረምት የሚውልበት ቤተሰብ የጸሎቱን ቀን በቤተ ክርስቲያን አስፈጽሞ የመቃብር ጉብኝቱን ለጥር ቢያቆየው መልካም ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ንግግር

ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚልቀው፣ ሁለተኛው መልእክቱን ያደረሰው የአገር ሰው ይሁን። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ነገር ግን ገንዘብም አይያዝም። ስኳርና ቡና ወይም ለቤቱ የሚሆን ነገር ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ብር መስጠት መሬት የመግዛት ወይም ቀብድ የመክፈል መልክ ይይዛልና።

ሰላምታው ተሰጥቶ፣ አማን መሆኑ ተጠይቆ፣ ቡናው ቀርቦ ቢያንስ አንደኛው ጀበና እስኪያልቅ ጉዳዩ አይነሣም። ከዚያ ባለጉዳዩ እንዲህ ባለ ቃል ቢጀምር ይመከራል፦

“ጋሼ፣ የመጣነው ለመሬት አይደለም። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ የልጆችዎ ነው። የእናቴ አባት እዚያ ወይራው ሥር ናቸው። እርስዎ ሳያርሱት አክብረው ስላቆዩልን ልናመሰግንዎ፣ ከፈቀዱልንም በዓመት አንድ ቀን ገብተን ድንጋዩን አጽድተን እንድንወጣ ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው።”

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከሁሉም የሚበልጡ ናቸው፤ በንግግሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ መባል አለባቸው። ምስጋናውም ለወግ ያህል ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። በጥቂት ጥማድ መሬት የሚኖር አባወራ በየዓመቱ በሬዎቹን በዚያ ጥግ ዙሪያ እያዞረ መቃብሩን ሳይነካ መኖሩ፣ ማንም ሳያየው የከፈለው ዋጋ ነው። እኛ ዘንድ አባወራው ፈቃዳቸውን ከሰጡ በኋላ እስከ ጥጉ ድረስ አብረውን ወርደው፣ በበትራቸው ጫፍ አንዱን ድንጋይ መታ መታ አድርገው “ይቺ የሕፃን ናት፤ እናንተ አታውቋትም” አሉን። የእናቴ ታናሽ እህት መሆኗን ኋላ ከአክስቴ ሰማሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከባለይዞታው በቀር የሚነግር የለም።

በዚህ ንግግር የማይባሉ ነገሮችም አሉ። የቀድሞ ወሰን አይነሣም፤ “በአያቴ ጊዜ እስከ ወንዙ ድረስ…” የሚል ወሬ አይወራም፤ በግንብ ስለማሠራት አይወራም፤ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሣትም የሚቻለው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ፣ እርሱም መቃብሩን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ

ባለይዞታው በቃል ከፈቀዱ ለምን ወረቀት ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ መሻገሩ ነው፤ ባለይዞታው ለልጃቸው ያወርሳሉ ወይም ያከራያሉ፤ ተተኪው ደግሞ የአባቱን ቃል ላያውቀው ይችላል። ወረቀቱ ለባለይዞታውም ይጠቅማል፤ ጎብኚዎቹ በመሬቱ ላይ ጥያቄ እንደሌላቸው በፊርማቸው ያረጋገጡበት ሰነድ በእጃቸው ይገባልና። እንዲያውም ወረቀቱ ለእርሳቸው ጥበቃ መሆኑ ሲነገራቸው ፈቃደኛ የማይሆን ባለይዞታ ጥቂት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በጽሑፍ የሚደረግ ውልም ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም ያዝዛል (ቁጥር 1723 እና 1727)። ከምስክሮቹ አንዱ ከባለይዞታው ወገን፣ ሌላው ከቅሬው ቢሆን ይመረጣል። ቃሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሚከተለው እንደየሁኔታው ተስተካክሎ ሊያገለግል ይችላል፦

“እኔ … በ… ወረዳ በ… ቀበሌ በስሜ በተመዘገበው ይዞታ ውስጥ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ከወይራው ዛፍ ሥር የሚገኘውን መቃብር፣ የ… ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን፣ ከሦስት ቀን በፊት እያሳወቁኝ፣ በምዕራቡ ወሰን ባለው የእግር መንገድ ብቻ ገብተው እንዲጎበኙና እንዲያጸዱ ፈቅጃለሁ። እኛም የቤተሰቡ ተወካዮች በዚህ ፈቃድ ምክንያት በመሬቱ ላይ ምንም ዓይነት የይዞታም ሆነ የውርስ ጥያቄ እንደማናነሣ፣ በሰብል ወይም በአጥር ላይ ለምናደርሰው ጉዳት በአካባቢው ሽማግሌዎች ግምት እንደምንከፍል፣ በቦታው ላይ አዲስ ሰው እንደማንቀብርና ግንብ እንደማንሠራ አረጋግጠን ፈርመናል።”

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃል ኪዳኖች፣ ማለትም አለመቅበርና አለመገንባት፣ አንዳንድ ቤተሰብን ቅር ያሰኛሉ። ለአያታቸው በእብነ በረድ የተለበጠ ሐውልት ማቆም የሚመኙ አሉ፤ ምኞታቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም በማሳ መካከል የቆመ ግንብ ለባለይዞታው የወሰን ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ የተገኘውን ፈቃድ በአንድ ክረምት ያፈርሰዋል። ያዘመመውን ድንጋይ ማቅናት፣ የፈረሰውን ካብ በዚያው ድንጋይ መልሶ መካብ ይበቃል።

ሰነዱ በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለባለይዞታው፣ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለቅሬው ይሰጣል። አንድ ቅጂ ለቀበሌው አስገብቶ ከይዞታው ማኅደር ጋር እንዲያያዝ መጠየቅም ይቻላል፤ ይህ ግን ባለይዞታው ራሳቸው ሲስማሙ፣ አብረውም ሲሄዱ ብቻ ይደረግ።

ደረጃ 6፦ የጉብኝቱ ቀን

ከአሥር ሰው በላይ አይኬድ። መኪናው ከዋናው መንገድ ላይ ይቁም፤ በማሳ ውስጥ የሚያልፍ ጎማ ያጠበቀውን አፈር በሬ በቀላሉ አይገለብጠውም። በስምምነቱ በተጠቀሰው መንገድ ብቻ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተከተለ ይገባል፤ በር ወይም የእሾህ አጥር ተከፍቶ ከሆነ የመጨረሻው ሰው እንደነበረ ይመልሰዋል። ሙስሊሞች ለዚያራ ሲሄዱ ዱዓውን የሚያደርስ የአካባቢው ሼህ፣ ክርስቲያኖችም ጸሎት የሚያደርስ የአጥቢያው ቄስ ቢጋበዙ ከሩቅ ከመጣ አገልጋይ ይልቅ በመንደሩ ዘንድ ተቀባይነት አላቸው። ምግብ ከተዘጋጀ ወይም ሰደቃ ካለ የመጀመሪያው ድርሻ ወደ ባለይዞታው ቤት ይሄዳል። ቆሻሻ፣ በተለይ የፕላስቲክ ጠርሙስና የሻማ ቁራጭ፣ ተለቅሞ ይመለሳል፤ ላስቲክ የበላች ላም የቤተሰቡን ስም ለዘለዓለም ታጠፋለች።

ቁጥቋጦ ሲመነጠር በእጅና በማጭድ እንጂ በመቆፈሪያ አይሁን። ከመቃብሩ አጠገብ የበቀለ ባሕር ዛፍ ቢኖር ሥሩ ድንጋዩን ቢያነሣም ዛፉ የባለይዞታው ንብረት ስለሆነ አይቆረጥም፤ ለመቁረጥ እርሳቸውን መጠየቅ፣ ዋጋውንም መክፈል ይገባል።

ደረጃ 7፦ ድንጋዩን ማንበብና መመዝገብ

ጽሑፍ ያለው ድንጋይ ሲገኝ የመጀመሪያው ስሜት ፍቆ ማጽዳት ነው፤ ይህ መደረግ የለበትም። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪናና ጠመኔ ለስላሳውን ድንጋይ ይበሉታል ወይም ያበላሹታል። ነጭና ቢጫ ሆኖ የተለጠፈው የድንጋይ ሽበት ራሱ ከላዩ ተገንጥሎ ሲነሣ ፊደሉን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ንጹሕ ውኃና የለሰለሰ ብሩሽ ይበቃል፤ እርሱም ፊደሉ ጸንቶ ከሆነ ብቻ ነው።

የሚሠራው ብርሃን ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ወይም ማታ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታ በቀትር ባዶ የሚመስለው ድንጋይ ፊደል ያወጣል። ድንጋዩ በጥላ ውስጥ ካለ አንድ ሰው የፊት መስታወት ይዞ ብርሃኑን ከጎን ቢያሳርፍበት፣ ወይም የስልክ መብራት ከድንጋዩ ጠርዝ አጠገብ በአግድም ቢያዝ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። አራት ፎቶ፣ ማለትም ከሩቅ፣ ከፊት፣ ከቅርብና ከጎን ይነሣ፤ ቦታው በስልኩ ካርታ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

ዘመኑን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግእዝ ቁጥር የተጻፈው በአመዛኙ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ለምሳሌ ፲፱፻፴፫ ማለት 1933፣ ጣልያን ደሴን ለቆ የወጣበት ዓመት ነው። ያረጀ ድንጋይ ላይ ግን ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ። በሂጅራ የተጻፈውን ወደ ዓመተ ምሕረት ለመመለስ አንድ ቋሚ ቁጥር መቀነስ ወይም መጨመር አይበቃም፤ የሂጅራው ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። መነሻ ያህል፣ 1400 ሂጅራ የገባው በኅዳር 1972 ዓ.ም. ነው።

ደረጃ 8፦ ባለይዞታው ከከለከለ

አንድ ጊዜ እንቢ ያለ ሰው ላይ በሚቀጥለው ሳምንት አይመለሱ። እንቢታው ስለምን እንደሆነ በሽማግሌ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ከሌላ የቤተሰቡ ሰው ጋር የተጀመረ ያልታወቀ የመሬት ክርክር ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ክርክሩ ሳይዘጋ የመቃብር ፈቃድ አይገኝም፤ መጠየቁም ተገቢ አይደለም። ሦስት ሽማግሌ ልኮ፣ የስምምነቱን ረቂቅ አስይዞ፣ ለቀጣዩ ጥር መጠየቅ ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው።

ፍርድ ቤትን በተመለከተ፣ “ሁከት ይወገድልኝ” የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ክስ ይዞታ ላለው ሰው የተሰጠ መከላከያ ነው፤ በእጁ ይዞታ የሌለው ጎብኚ በዚህ ተደግፎ በር ሊያስከፍት አይሞክር።

ጉዳዩ ከመከልከል አልፎ መቃብሩን ሆን ብሎ ማፍረስ፣ ድንጋዩን ነቅሎ ለአጥር መጠቀም ወይም አፅም ማውጣት ከሆነ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 493 የሙታንን ዕረፍትና ክብር መድፈርን ያስቀጣል፤ ይህም መሬቱ የማንም ይዞታ ቢሆን ነው። ፎቶውንና የቅሬውን ምስክሮች ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን አራሹ አውቆ ማድረጉ ይጣራ፤ አዲስ የመጣ ተከራይ የድንጋይ ክምር መስሎት ሊያርሰው ይችላል፤ ሲነገረው ደግሞ ራሱ መልሶ ይክበዋል።

ደረጃ 9፦ ቅርስ ሊሆን የሚችል መቃብር፣ ወይም ለልማት የሚነሣ መሬት

መቃብሩ የቆየ ሐውልት፣ ያልተለመደ ጽሑፍ ወይም የታወቀ ሰው ዐፅም ያለበት ከሆነ፣ ለወረዳው ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመፈለግ መቆፈር የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ነገር ሊነገር ይገባል። የቤተሰብ መቃብር መሆኑ የመቆፈር ፈቃድ አይሰጥም። ማሳወቁን ለባለይዞታው አስቀድሞ መንገር አይረሳ፤ ከጀርባው ባለሙያ ከመጣበት ወረቀቱ የሰጠውን መተማመን ያጣል።

መሬቱ ለመንገድ፣ ለፋብሪካ ወይም ለቤት ግንባታ ሊነሣ ከሆነ፣ በተለይ የባቡሩ መስመርና ፋብሪካዎች ሰፊ ቦታ በወሰዱበት በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ የመቃብሩ ጉዳይ ንብረት ሲቆጠር ነው መነሣት ያለበት። በካሳ አዋጁ (ቁጥር 1161/2011) እና በማስፈጸሚያ ደንቡ (ቁጥር 472/2012) ሥር የሚከፈለው ካሳ መቃብርንም ይጨምራል፤ የሚታሰበውም ሐውልቱን ለማንሣት፣ ምትክ ቦታ ለማዘጋጀት፣ አፅሙን ለማፍለስና ሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱን ለመፈጸም የሚወጣው ወጪ ነው። የቆጣሪው ኮሚቴ የሚያገኘው ባለይዞታውን ስለሆነ፣ እርሳቸው ወዲያው ደውለው እንዲያሳውቁ አስቀድሞ መነጋገር፣ የቤተሰቡንም ተወካይ ስልክ በስምምነቱ ጀርባ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። አፅሙ የሚፈልስ ከሆነ የቤተሰቡ ሁሉ ስምምነት፣ እንደ እምነቱ የካህናቱ ወይም የሼኹ መገኘት፣ የአስተዳደሩም ፈቃድ በአንድ ቀን አይሞላም፤ የማስለቀቂያው ቀን ከመድረሱ በፊት ይጀመር።

መሬቱ ባይነሣም ባለይዞታው ሲለወጥ፣ በሞትም ሆነ በስጦታ፣ ቤተሰቡ ለለቅሶው ወይም ለምርቃቱ ሄዶ የቆየውን ወረቀት ለአዲሱ ሰው ያሳየዋል፤ እርሱም ከፈቀደ በዚያው ወረቀት ግርጌ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርምበታል።